«አንዱ መርዝ ነው ቢሉሽ ትበያለሽ?»

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። በሱዳን በኩል ተሰደው አሜሪካ የገቡ፣ በኋላም እኔን ያመጡኝ፣ ያስተማሩኝ፣ የዳሩኝ እሳቸው ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ቡና ይፈላል፤ ዘመድ ይሰበሰባል። ጋሼ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። የጋዛው ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ግን ጨዋታው ሁሉ ወደ አይሁድ ይዞራል። ስለ እስራኤል መንግሥት ቢሆን ባልከፋኝ። እሳቸው የሚሉት ስለ ሁሉም ነው።

የሚናገሩት ደግሞ በምሳሌ ነው። ‹ሳህን ላይ አሥር ከረሜላ አለ። አንዱ መርዝ ነው። የትኛው እንደሆነ አታውቂም። ትበያለሽ?› ይላሉ። ሰው ይስቃል። ‹ንብ ናቸው፤ አንዷን ስትነኪ ቀፎው በሙሉ ይነሣብሻል› ይላሉ። የስቅለት ሰሞን ደግሞ ‹የአባት ዕዳ በልጅ ይከፈላል፤ ጌታን የሰቀሉት እነማን ሆኑና› ብለው ነገሩን ይዘጉታል። የሚመልስ የለም። እኔም አፌ ይያዛል።

ባለፈው ሳምንት የ14 ዓመት ልጄን ከኳስ ልምምድ ላመጣው ሄድኩ። ከትንሽነቱ ጀምሮ አብሮት የሚጫወተውን ልጅ ሰላም ሳይለው አለፈ። መኪና ውስጥ ለምን ብዬ ስጠይቀው ‹አይሁድ ነው እኮ! ጋሼ ያሉትን አልሰማሽም? የትኛው መርዝ እንደሆነ አይታወቅም› አለኝ። ደነገጥኩ። ምን ልበለው? ጋሼንስ ሳላዋርድ እንዴት ልመልስላቸው? ምሳሌያቸው ልክ እንዳልሆነ ይሰማኛል። የቱ ጋ እንደተሳሳተ መናገር ግን አቃተኝ።»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ በፊት ያሳዘነኝ ያ ሰላም ሳይባል የታለፈው ልጅ ነው። ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ምንም አላጠፋማ። ስለ ከረሜላውም አልሰማም። ጓደኛው ድንገት ፊት እንደነሳው ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ «የቡና ላይ ወሬ ነው» ብለሽ አትለፊው። ወሬው ከሳሎን ወጥቶ ሜዳ ደርሷል።

የከበደሽን ነገር በቃል ላስቀምጥልሽ። የጋሼ ምሳሌዎች ሦስት ቢሆኑም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። «ማን አደረገው?» የሚለውን ጥያቄ ያስረሱናል። ሰው ተበድያለሁ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ማን? ምን አደረገ? መቼ? ከረሜላ ግን ምንም አያደርግም፤ መርዙ አብሮት የተሠራ ነው። ንብ ለምን ነደፍሽ አትባልም፤ ተፈጥሮዋ ነው። ዕዳም ተበዳሪው ቢሞት ወረቀቱ ይቀራል። ሰውን አምጥተሽ በእነዚህ ቦታ ስታስቀምጪው፣ ያደረገው ነገር ከወሬው ይወጣና ከማን እንደተወለደ ብቻ ይቀራል። ጋሼ ሲናገሩ የሚመልስ የጠፋውም ለዚህ ይመስለኛል። «ትበያለሽ ወይስ አትበይም?» ተብለሽ ስትጠየቂ ስለ ከረሜላ ነው የምታስቢው፤ ስለ ሰው ማሰብሽን ሳይታወቅሽ ትተሽዋል።

ልጅሽ የያዘው ከረሜላውን ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ታሪክም አለው።

እ.ኤ.አ. በ1938 ጀርመን ውስጥ፣ ኑረምበርግ ከተማ፣ አንድ የልጆች መጽሐፍ ታተመ። ርእሱ «መርዛሙ እንጉዳይ» ነው። አሳታሚው ዩሊየስ ሽትራይኸር ይባላል፤ ለዓመታት በጋዜጣው ላይ በአይሁድ ላይ ጥላቻ ሲነዛ የኖረ ናዚ ነው። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ታሪክ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ጫካ ገብታ እንጉዳይ ይለቅማሉ። የሚበላው ይህ ነው፣ መርዛሙ ያ ነው እያለች ታሳየዋለች። ከዚያ ሰውም እንደዚሁ ነው ትለዋለች። መርዛሞቹ አይሁድ ናቸው። አንድ መርዛም እንጉዳይ ቤተሰብ እንደሚፈጅ፣ አንድ አይሁዳዊም መንደር፣ ከተማ፣ አልፎም ሕዝብ ይፈጃል ትለዋለች። መጽሐፉ በባለቀለም ሥዕል የተሞላ ነው። የተዘጋጀው በልጅሽ ዕድሜና ከዚያ በታች ላሉ ነው።

ጋሼ ከዚያ መጽሐፍ ወሰዱት እያልኩሽ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ምሳሌ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል፤ የሚናገረው ሰው ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቅም። በ2016 የአሜሪካ ምርጫ ሰሞን ከረሜላ ሆኖ ብቅ ብሎ ነበር። ያኔ ሳህኑ ላይ የተቀመጡት ከሶርያ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ናቸው። ሽትራይኸር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያው ኑረምበርግ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጦር አልመራም፤ አይሁድን የመፍጀቱን ዕቅድም እሱ አላወጣውም። በሰብዓዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል የተፈረደበት ሲጽፍና ሲያሳትም በኖረው ቅስቀሳ ነው። በኦክቶበር 1946 በስቅላት ተቀጣ። ያ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ምሳሌ እንደ ጨዋታ አላየውም።

አሁን ወደ ሳህኑ። «ከአሥሩ አንዱ» የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከጋሼ ነው። ማንም አልቆጠረም። አሥር ሐበሻ ብንደረድር አታላይ አይጠፋም። አሥር ጣሊያን፣ አሥር ቻይናዊ ብንደረድርም እንደዚያው። ምሳሌው የሚሠራው የአንድ ሕዝብ ሳህን ብቻ ተመርጦ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ነው። የራሳችንን ሳህን ግን ከጓዳ አናወጣውም።

ደግሞ «የትኛው እንደሆነ አይታወቅም» የሚለውን እይው። ከረሜላ አይናገርም፣ አብሮሽ አይውልም። ልጅሽ ግን ከዚያ ልጅ ጋር ዓመታት ተጫውቷል። ኳስ ያቀብል እንደሆነ፣ ሲሸነፍ ያኮርፍ እንደሆነ፣ ሌላው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ያነሣ እንደሆነ፣ ሁሉን ያውቃል። ከማንም በላይ የሚያውቀውን ልጅ ነው «አይታወቅም» ያለው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ይህ ነው። ያልተበላ ከረሜላ ምንም አይሆንም። ሳህኑ ላይ ይቀራል። የተገፋ ሰው ግን የሆነ ቦታ ይወድቃል። በሜይ 1939 ሴንት ሉዊስ የምትባል መርከብ 937 መንገደኞች ይዛ ከሃምቡርግ ተነሣች። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ከናዚ የሚሸሹ አይሁድ ነበሩ። ኩባ 28 ሰው ብቻ አስገብታ ሌላውን መለሰች። መርከቧ ወደ ፍሎሪዳ ተጠጋች፤ የማያሚ መብራት ከመርከቧ ይታይ ነበር። አሜሪካም አላስገባቻቸውም። ወደ አውሮፓ ተመለሱ። እንግሊዝ፣ ቤልጂየም፣ ፈረንሳይና ሆላንድ ተካፍለው ተቀበሏቸው። ናዚ ቀጥሎ እነዚያን አገሮች ሲወር፣ ከእንግሊዝ በቀር፣ እንደገና እጁ ገቡ። ከተመለሱት መካከል 254ቱ ናዚ አይሁድን በፈጀበት እልቂት ሞተዋል። ጋሼም በሱዳን በኩል የመጡ ስደተኛ ናቸው። አንድ ቢሮ የተቀመጠ ሰው «ከእነዚህ መካከል አንድ መርዝ አይጠፋም» ብሎ ፋይላቸውን መሳቢያ ውስጥ ቢከተው ኖሮ፣ አንቺም ልጅሽም ዛሬ እዚያ አትኖሩም ነበር።

ይኸው አስተሳሰብ የአገራችንን ልጆችም አቁስሏል። በጃንዋሪ 1996 እስራኤል ውስጥ አንድ ጉድ ወጣ። ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤሎች የለገሱት ደም፣ ሳይነገራቸው፣ ለዓመታት ሲጣል ኖሯል። ኤችአይቪ ይኖርባቸው ይሆናል ተብሎ ነው። ሰዎቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ደም ይሰጣሉ፤ በደስታ ይቀበሏቸዋል፤ እነሱ ሲወጡ ደሙ ይጣላል። ጥቂቱ ታሟል ተብሎ የሁሉም ተደፋ። ይህ በጋዜጣ ሲወጣ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ኢየሩሳሌም፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለተቃውሞ ወጣ። ያደረገው የአይሁድ አገር ነው፤ የተደረገባቸውም አይሁድ ናቸው። ይህን የምነግርሽ የጅምላ ፍረጃ በማንም እጅ ሲገባ ያው መሆኑን እንድታይ ነው።

እነዚሁ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት እኛው ዘንድ ምን ይባሉ እንደነበር ጋሼ አይጠፋቸውም። ቤተ እስራኤሎች ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትና ካልተቀበሉ ርስት እየተነፈጉ ሄዱ። መሬት ሲያጡ ብረት መቀጥቀጥና ሸክላ መሥራት ያዙ። የጎንደር ገበሬ ማረሻውን ከእነሱ ይገዛል። ሚስቱ ጀበናዋንና ምጣዷን ከእነሱ ትገዛለች። በቀን እንዲህ ተገበያይቶ ማታ «ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ» ይባላል። ልጅ ሲታመም የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው። አውሮፓም ውስጥ እንዲሁ ነበር፤ አይሁድ መሬት እንዳይዙ፣ የባለሙያ ማኅበር እንዳይገቡ ይከለከሉና ገንዘብ ማበደር ይቀርላቸዋል፤ ከዚያ «ገንዘብ ወዳድ ናቸው» ይባላሉ። መጀመሪያ በሩን ትዘጊበታለሽ፤ ቀጥሎ በመስኮት ገባ ብለሽ ትከሽዋለሽ።

ስለ ንቡ ብዙ አልልም። በ2023 የእስራኤል መንግሥት የፍርድ ቤቶችን ሥልጣን የሚቀንስ ሕግ ሊያወጣ ሲነሣ፣ የገዛ ሕዝቡ ለወራት ቅዳሜ ቅዳሜ አደባባይ ሲወጣ ከረመ። በመቶ ሺዎች ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ ከእናንተ ሰፈር በባቡር በሚደረስበት ካፒቶል ሂል፣ አይሁድ አሜሪካውያን «ተኩስ ይቁም» ብለው የምክር ቤት ሕንጻ ውስጥ ተቀምጠው በመቶዎች ታሰሩ። በኖቬምበር ደግሞ ሌሎች አይሁድ እስራኤልን ደግፈው እዚያው ዋሽንግተን ታላቅ ሰልፍ ወጡ። በዚህ ጉዳይ አንድ ማዕድ ላይ የተኮራረፉ ቤተሰቦች አሉ። ይህ ቀፎ አይመስልም።

የንብ ምሳሌ የት እንደሚያደርስ ግን ልንገርሽ። ኦክቶበር 27 ቀን 2018፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ሰው ፒትስበርግ ከተማ ትሪ ኦፍ ላይፍ በሚባል ምኩራብ ገብቶ 11 ሰው ገደለ። አብዛኞቹ ለጸሎት የመጡ አዛውንት ናቸው። ትልቋ የ97 ዓመት እናት ነበሩ። ገዳዩ ከመግባቱ በፊት ጽፎ ነበር። ሃያስ የሚባለው የአይሁድ የስደተኞች ረጂ ድርጅት «ወራሪ ያመጣብናል» ይላል ጽሑፉ። ሃያስ ድሮ የተቋቋመው ከሩሲያ ግዛት ለሚሸሹ አይሁድ ነው። በኋላ ግን ከአፍሪካም ከእስያም ለመጡ፣ አይሁድ ላልሆኑ ስደተኞችም ቤት የሚፈልግ፣ ሥራ የሚያገናኝ ሆነ። ያን ጊዜ ዋና ጽሕፈት ቤቱ የት እንደነበር ታውቂያለሽ? ሲልቨር ስፕሪንግ። እናንተው ከተማ። ሰውየው አንድ ድርጅት ላይ ተቆጥቶ ሄዶ የገደለው በሌላ ከተማ የሚጸልዩ ሽማግሌዎችን ነው፤ ለእሱ ሁሉም አንድ ቀፎ ናቸውና። ያስቆጣው ነገር ደግሞ እንደ ጋሼ ያለውን ስደተኛ መርዳታቸው ነው። ጋሼ ይህን ቢሰሙ ዝም ብለው የሚያልፉት አይመስለኝም።

የዕዳው ነገር ከእምነት ጋር ስለሚነካካ በጥንቃቄ ያዢው። ከጋሼ ጋር በዚህ አትሟገቺ። መጽሐፍ ቅዱስ አቅርቢላቸውና «ጋሼ፣ ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18ን ያንብቡልን» በያቸው። አንባቢ ናቸው፤ ደስ ይላቸዋል። እዚያ ሕዝቡ የሚመስለው አንድ ምሳሌ አለ። አባቶች ያልበሰለ ወይን በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚል። እግዚአብሔር በነቢዩ አፍ ይህን ምሳሌ ከእንግዲህ እንዳይመስሉ ይከለክላል። ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም፣ አባትም የልጁን አይሸከምም ይላል። የጋሼን ሦስተኛ ምሳሌ የሚመልሰው እንግዲህ የእኔም የአንቺም ቃል አይደለም። ያን ቃል የጻፈው ደግሞ በባቢሎን ምርኮ ላይ የነበረ የእስራኤል ነቢይ ነው።

ሌላም አለ። ጌታችን በሥጋ ከማን ተወለደ? እመቤታችን ከማን ወገን ናት? ጴጥሮስ፣ ዮሐንስ፣ ያዕቆብ ከማን ናቸው? ፍርዱን የሰጠው የሮም ገዢ፣ የቸነከሩት የሮም ወታደሮች ናቸው። ጋሼ ግን ሮም ለጉብኝት ቢሄዱ ካፌ ውስጥ የሚያስተናግዳቸውን ልጅ «ጌታን ሰቃይ» አይሉትም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን ክስ ለዘመናት ስትሰማ ኖራ በኦክቶበር 1965፣ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ በይፋ ተናገረች። በሕማማቱ የሆነው ያን ጊዜ በነበሩት አይሁድ ሁሉ ላይ ያለ ልዩነት፣ በዛሬዎቹም ላይ ሊጫን አይችልም አለች። ይህን ያለችው እልቂቱ ካለፈ 20 ዓመት በኋላ ነው፤ ዘግይታለች። አውሮፓ ውስጥ የስቅለት ሰሞን ለብዙ ዘመን አይሁድ በራቸውን ዘግተው የሚፈሩበት ሰሞን ነበርና።

አሁን ወደ ልጅሽ። አትቆጪው። የሰማውን ነው የደገመው፤ የሰማውም ከሚያከብረው ሰው ነው። ስለ ናዚ ታሪክም ረጅም ትምህርት አትስጪው፤ ለእሱ ጊዜ አለው። ያን ጥያቄ ብቻ ጠይቂው። «እሱ ምን አደረገህ?» በይው። ከዚያ ዝም በይ፤ መልሱን ይፈልግ። ካላገኘ «እንግዲያው ያጠፋኸው አንተ ነህ» ብትይው አይከብድም። በሚቀጥለው ልምምድ ሄዶ «ያን ቀን ሰላም ሳልልህ አለፍኩ፣ ይቅርታ» ይበለው። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቂው። ስለ እስራኤል ምን እንደሚያስብ እንዳይጠይቀው። ይቅርታ ብሎ ሲያበቃ «አንተ ግን ጦርነቱን ትደግፋለህ?» ካለው ፍርድ ቤት እንዳቀረበው ነው። የ14 ዓመት የሜሪላንድ ልጅ ኳስ ለመጫወት የአቋም መግለጫ አያስፈልገውም። ያኛው ልጅ ለጊዜው ቢኮራረፈው ደግሞ መብቱ ነው፤ ይታገሠው።

ጋሼን ሰው ፊት አትመልሽላቸው። ያሳደጉሽ ናቸው፤ ለሳቁት ሰዎች ሲሉ እልህ ውስጥ ይገባሉ። ብቻቸውን አግኚያቸው። መኪና ውስጥ ይሁን፣ ቤታቸው ይሁን። መጀመሪያ የልጅሽን ነገር ንገሪያቸው። «ጋሼ፣ ያቺ የከረሜላ ጨዋታ ልጄ ጋ ደርሳ ጓደኛውን አስኮረፈችው» በያቸው። ብዙ አዋቂ ልጅ የሚሰማ አይመስለውም። እኔ እንደምገምተው ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ።

ከዚያ የካቲት 12ን አንሺላቸው። ያን ቀን የማያውቅ የእሳቸው ትውልድ የለም። በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ሁለት ሰዎች ናቸው። ጣሊያን ግን ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ጎጆው ውስጥ የተኛ ሽማግሌ፣ ውሃ ልትቀዳ የወጣች ልጅ፣ ሁሉም ተጠያቂ ሆኑ። በግንቦት ደግሞ «መነኮሳቱ ያውቁ ነበር» ተብሎ ደብረ ሊባኖስ ላይ መነኮሳትና ዲያቆናት ተረሸኑ።

ከዚያ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1938፣ ሄርሼል ግሪንሽፓን የሚባል የ17 ዓመት አይሁዳዊ ልጅ ፓሪስ ውስጥ አንድ የጀርመን ዲፕሎማት ተኩሶ መታ። ጀርመን ወላጆቹን ከሌሎች በሺዎች ከሚቆጠሩ የፖላንድ አይሁድ ጋር በአንድ ሌሊት ከቤታቸው አውጥታ ድንበር ላይ ጥላቸው ነበር። ዲፕሎማቱ ሞተ። በዚያ ሌሊትና በማግስቱ በመላው ጀርመንና ኦስትሪያ ከአንድ ሺህ በላይ ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ ተሰባበሩ። ሱቆች ተዘረፉ። ወደ 30,000 የሚሆኑ ወንዶች ተይዘው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተላኩ። መንግሥት ደግሞ የጀርመን አይሁድን በሙሉ አንድ ቢሊዮን ማርክ ቀጣ። ለተሰበረው መስታወት ኢንሹራንስ የሚከፍለውን ገንዘብ እንኳ መንግሥት ወሰደው፤ ጥገናውን ባለሱቆቹ ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ታዘዙ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪላቸውና ጠይቂያቸው። «ጋሼ፣ ያ የአዲስ አበባ ሽማግሌ የአብርሃና የሞገስ ዕዳ ነበረበት?» ይህም ማነጻጸር ነው፤ ማነጻጸር በራሱ ጥፋት የለበትም። ግን ሰውን ከሰው ጋር፣ ድርጊትን ከድርጊት ጋር ነው ያስቀመጥሽው። የቀጣው እነማንን እንደነበረ፣ ያጠፋው ማን እንደነበረ ይታያል። «ያ ሌላ ነው፣ እኛ የተወረርን ነን» ሊሉሽ ይችላሉ። ልክ ናቸው፤ የሁለቱ ታሪክ በብዙ ነገር ይለያያል። የጠየቅሻቸው ግን ቤቱ ስለተቀመጠው ሽማግሌ ነው። እሱ ላይ ይቆዩ። ባለፉት ዓመታት በአገራችን «እነዚያ ሁሉ እንዲህ ናቸው» በሚል አፍ ስንት ጎረቤት ከስንት ጎረቤት እንደተቆራረጠም እሳቸው ከአንቺ ይበልጥ ያውቃሉ።

ስለ ጋዛው ግን አፋቸውን አትዝጊ። እዚያ የሞተው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፤ ሕፃናቱ ብዙ ናቸው። ሽማግሌ ሰው ይህን በየምሽቱ በቴሌቪዥን አይቶ ቢቆጣ ልብ ስላለው ነው። ቁጣውን ማንም ሊወስድባቸው አይገባም። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስ ወደ 1,200 ሰው ሲገድል የጋዛ ሕፃን እጅ አልነበረበትም፤ ጋሼም ፍልስጤማዊውን ሁሉ አሸባሪ የሚል ሰው ቢሰሙ አይወዱም። ስለዚህ ስለ ጦርነቱ ሲያነሡ «እሺ ጋሼ፣ ማን አዘዘው?» በያቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ? የትኛው ሚኒስትር? የትኛው አዛዥ? መሣሪያውን የላከው የትኛው መንግሥት ነው፣ እናንተ ግብር የምትከፍሉበት አይደለም እንዴ? ለምክር ቤት አባላችሁ ደብዳቤ እንጻፍ ቢሉ አብረሻቸው ጻፊ። ስም ይጥሩ፣ ድርጊቱን ይናገሩ፣ ይውቀሱ። ይህን ልጅሽ ባለበት ቢያደርጉትም ግድ የለም፤ እንዲያውም ይስማ። ከረሜላው፣ ንቡና ዕዳው ግን እቤትሽ ልጅሽ ፊት እንዳይነሡ ለምኛቸው። ካልተዉም «ጋሼ፣ ይህን አልችልም» ብለሽ ልጁን ይዘሽ ወደ ሌላ ክፍል ግቢ። አትጩኺ፣ በር አትዝጊ። ስኒያቸውን ሞልተሽላቸው ሂጂ።